መኪና ለማደስ ጅጌ የጠራሁ ጊዜ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሚሴ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። የአማዞንን ገባር ወንዞች በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ የሰሃራን በረሃ ካርታ ሳላይ ሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ። የራሴ የጉዞ ታሪክ ግን አጭር ነው። ደሴ ሄጃለሁ። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ለስልጠና ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሆቴሉ መታጠቢያ ቤት በር ጋር ስታገል ነው የከረምኩት። ከቤቴ በመኪና ግማሽ ሰዓት የማይፈጀው ቦርከና ዳር አንድ ሌሊት እንኳ አድሬ አላውቅም ነበር። ይህ ሁሉ ተማሪ ፊት እጄን ኪሴ ከትቼ «ዓለምን ማወቅ ማለት» እያልኩ ከመጀመር አግዶኝ አያውቅም።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የምንኖረው ከዋናው መንገድ ብዙ በማይርቅ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው፤ ለመንገዱ ቅርብ መሆናችን ደግሞ የትዳራችን ዋና ጣጣ ነው። ለገበያ የመጣ የገጠር ዘመድ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው የአባቴ ጎረቤት፣ ለሕክምና የመጣች የአክስቴ ልጅ አማት፣ ሁሉም እኛ ቤት ያድራል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ኮታ፣ ኑ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው» እላለሁ። ይህን ስል ደረቴ ይነፋል። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞር ብዬ «እንግዳ አለ» እላለሁ፤ የእኔ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። ፍራሽ የምታነጥፈው፣ ወጥ ላይ ውሃ የምትጨምረው፣ የራሷን አልጋ ለቅቃ የስፌት ማሽኗ ሥር የምትተኛው እሷ ናት።

እምቢ ማለት አልችልም። ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬው አላውቅም፤ እንዲያውም ሰው ሲያወራልኝ ደስ ይለኛል። ባለቤቴም ለእህቶቿ ስትነግር ሰምቻለሁ፤ «ምን ላድርገው፣ ተፈጥሮው ነው፣ አፉ እምቢ አይልም» ትላቸው ነበር። እንደ ምርቃት ነበር የሰማሁት።

ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ የአረፋ እንግዶች ተጠራርገው ሳይወጡ፣ ከስፌት ማሽኗ ቀና ሳትል «አንድ ሌሊት ብቻ፣ ማንም በር የማያንኳኳበት ቦታ ማደር አማረኝ» አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«መስከረም ሲጠባ ባቲ ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች።

«ስንት ቀን ልትቆዪ?»

«እንጃ።»

«ትመለሻለሽ አይደል?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና እንደገና «እንጃ» አለች። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረናል፤ ሁለት ልጆቻችን ለትምህርት ከቤት ወጥተዋል። ሴትየዋ ቀልድ አታውቅም አልልም፣ ታውቃለች። ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ጤነኛ ባል ይህን ሲሰማ ዘመዶቹን ሰብስቦ «ለትንሽ ጊዜ ሌላ ቦታ እደሩ» ይል ነበር። እኔ ጨፋ ሮቢት ፍየል ልገዛ ሄድኩ። ፍየል ለማስታረቂያ ጥሩ ነው ብዬ ነበር፤ አብስላ ለእንግዳ የምታቀርበው ራሷ መሆኗ አልታየኝም። ደግነቱ ፍየሉን ሳልገዛ ዝናብ ጣለና አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ እህል ነጋዴ ግቢ ሮጬ ተጠለልኩ። ከመጋዘኑ ጀርባ የጉሎ ቅጠል የዋጠው አንድ አሮጌ መኪና ቆሟል። ፊቱ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ያለ፣ ከወገቡ በላይ ነጭ፣ ከወገቡ በታች አረንጓዴ የነበረ፣ አሁን ግን የዝገት ቀለም ብቻ የቀረው መኪና ነው። በመስኮቱ ዶሮዎች ብቅ እያሉ ያዩኛል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ሐጂ?» አልኳቸው።

«የፈረንጆች ነው። ባልና ሚስት ነበሩ። አባቴ በሕይወት ሳለ እዚህ ተበላሸባቸውና አማና ብለው አደራ ሰጥተውን ሄዱ፤ እንመለሳለን አሉ፣ አልተመለሱም። ውስጡ ነበር የሚተኙት። ጣሪያው እኮ ይነሣል፣ እይ።»

እጃቸውን አስገብተው አንድ ብረት ገፋ አደረጉ። ጣሪያው ሲጢጥ እያለ በአንድ በኩል ወደ ላይ ተነሣ፤ ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ፊቴ ላይ በረሩ። አንገቴን አስገብቼ አየሁ። የሚዘረጋ መቀመጫ አለ፤ ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል። ትንሽ ቁም ሣጥን አለች፤ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ ከላይ የተቀደደ ሸራ ተንጠልጥሏል። አልጋውን በክንዴ ለካሁት። ሁለት ሰው ይይዛል። ዞር ዞር ብዬ ፍራሽ የሚነጠፍበት ሌላ ቦታ ፈለግሁ፤ የለም። ሦስተኛ ሰው የሚተኛበት ቦታ የሌለው ቤት በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው። ዝናቡ ሳያባራ ሽጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«አማና አይሸጥም» አሉ ሐጂ። «ግን ቆሞ ከሚበሰብስ ተጠቀምበት። ባለቤቶቹ አላህ ካመጣቸው ትመልሳለህ። ዶሮዎቼን ደግሞ ሜዳ ላይ እንዳትጥልብኝ፣ ቤት ሥራላቸው።»

እሺ አልኩ፤ እኔ መቼ እሺ ሳልል ቀርቼ። የዶሮ ቤቱን በራሴ እጅ፣ በራሴ ንድፍ ሠራሁ። የነፋሱን አቅጣጫ ሳይቀር አጥንቼ ነበር። በአራተኛው ቀን ወደቀ። ሐጂ አናጺ ጠርተው በግማሽ ቀን ሌላ አሠሩና «መምህር፣ አብሽር፣ አንተ ማስተማሩን ያዝ» አሉኝ።

መኪናውን ትራክተር እየጎተተው ከሚሴ ገባን። እኔ መሪውን ይዤ ውስጥ ተቀምጬአለሁ፤ መሪው ከጎማዎቹ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው በኋላ ነው ያወቅሁት። ልክ መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ነፋስ ጣሪያውን በርግዶ ከፈተው። የባጃጅ ሾፌሮች ፉጨታቸውን አቀለጡት። እኔም እንደ ባለሥልጣን እጄን እያውለበለብኩ አለፍኩ።

ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ይሄ ደግሞ ማንን ሊያሳድር ነው?» አለች።

«አንቺንና እኔን። ሌላ ሰው አይችልም። መስከረም ሳይጠባ አድሰዋለሁ፣ ቦርከና ዳር ጨፋ ሜዳ ወስጄ አሳድርሻለሁ።»

በመኪናው ዙሪያ አንዴ ዞረች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ የዶሮ ኩስ ላይ ጫማ አውልቃ መግባቷ እስካሁን ይገርመኛል። የተቀደደውን ሸራ በጣቶቿ እየዳሰሰች በስንዝር ለካችው። «ሸራውን እኔ እሰፋዋለሁ፣ ሌላውን አንተ ታውቃለህ» አለችና ወጣች። የባቲው ጉዳይ አልተነሣም። ቢያንስ እስከ መስከረም ድረስ ተስፋ ነበረኝ።

ባጃጅና የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ጎበዝ መካኒክ ጎረቤታችን ነው። ሞተሩን ከኋላ ከፍቶ፣ ከሥሩ ተንጋሎ ገብቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዘይት በዘይት ሆኖ ወጣ። «ይነሣል» አለኝ። «ግን ብቻዬን ተወኝ። እኔ የፈታሁትን እኔ ነኝ የምገጥመው። አንድ ወር ተኩል ስጠኝ።» እዚህ ላይ ነገሩ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሰውየው ሙያተኛ ነው፣ ጊዜ አለን፣ ክረምት ስለሆነ ትምህርት ዝግ ነው።

ግን ከመስጊድ ስንወጣ የሰፈራችን ሽማግሌ ይዘውኝ «ምን አንድ ወር ተኩል ያስፈልጋል? ጅጌ ጥራ እንጂ፣ በአንድ ቀን ያልቃል» አሉኝ። ጅጌ ማለት እኛ ዘንድ አንድ ሰው ከአቅሙ በላይ ሥራ ሲኖርበት ጎረቤቱ ተሰብስቦ የሚሠራለት ነው። ማሽላ ሲኮተኮት፣ ጤፍ ሲታጨድ፣ ቤት ሲቆም ጅጌ ይጠራል። ለመኪና ጅጌ የጠራ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ሽማግሌውም አልሰሙም። እምቢ ብል ይቀየሙኛል ብዬ «እውነትዎን ነው» አልኳቸው። መካኒኩ ሲሰማ እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«መምህር፣ ሞተር እኮ ማሳ አይደለም።»

«ግድ የለህም፣ በሥርዓት ነው የማደራጀው» አልኩት።

አደራጀሁም። የመኪናውን ካርታ ሠራሁ። የምልክት መፍቻ ያለው፣ ስኬል ያለው፣ የሰሜን አቅጣጫ ቀስት ያለው ሙሉ ካርታ ነው። መኪናው ለምን ሰሜን እንዳስፈለገው ዛሬም መልስ የለኝም። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፍኩ፤ ቁጥሩን ደግሞ ካርታው ላይ አሰፈርኩ። መካኒኩን ጠርቼ ሳሳየው ለረጅም ጊዜ አየውና «በጣም ያምራል» አለኝ።

በቀጠሮው ጠዋት አርባ ያህል ሰው መጣ። ልማድ ሆኖባቸው መኮትኮቻና ማጭድ የያዙ ብዙ ነበሩ። አንድ አጎቴ ደግሞ ሁለት በሬ ነድቶ መጥቷል፤ «ለማንኛውም» አለኝ። ሽማግሌው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ የማሽላ ኩትኳቶ ዘፈን ተነሣ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሁሉም እኩል ጎንበስ ቀና እያለ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። እውነት ለመናገር ደስ የሚል ነገር ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሆኖ የሚሠራ ሥራ አይቼ አላውቅም፤ እንባዬ መጥቶ ነበር። እንባዬን ስጠርግ በሩ ተነቀለ። ቀና ስል መቀመጫው ወጣ። ካርታዬን ዘርግቼ «ቁጥር አሥራ ሁለትን መጀመሪያ» ስል ቁጥር አርባ አንድ በአጠገቤ አለፈ።

እኩለ ቀን ሳይሆን መኪናው ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ቀረ። ሴቶቹ ደግሞ ዕቃውን ሁሉ ቧንቧው ጋ ወስደው በሳሙና አሹልኝ። ንጹሕ አድርገው አጠቡት፤ ጠመኔውንም ጭምር። ብሎንና ዳዶው ሁሉ እንዳይጠፋ ተብሎ አንድ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ተጠራቅሟል፤ የሞተሩም፣ የበሩም፣ የአልጋውም። መካኒኩ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በእጁ እንደ ሽምብራ እያገላበጠ ሲያየው ነበር።

የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። በጅጌ ወግ የጀመሩትን ሥራ ባለቤቱ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ስለዚህ ከአስር ሶላት በፊት እያንዳንዱ በእጁ የነበረውን ዕቃ «ቤቴ ጨርሼ አመጣዋለሁ» እያለ ተሸክሞ ሄደ። መኪናዬ ሦስት ቀበሌ ውስጥ ተበተነ። እኔ በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ «ጀዛከላህ» እያልኩ ሸኘሁ።

ለአርባው ሰው ቀኑን ሙሉ ያበሰለው ማን እንደነበር መናገር ያሳፍረኛል። ሚስቴን አንድ ሌሊት አሳርፋታለሁ ብዬ ጅጌ ሙሉ ሰው አስቀለብኳት። ማታ እጇን በቅባት እያሸች «ካርታው ላይ እኔ ስንት ቁጥር ነኝ?» አለችኝ።

ዕቃው አልመጣም። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ዕቃው ሥራ አግኝቶ ነው። የጎማ ክዳኖቹ የዶሮ ውሃ መጠጫ ሆነዋል። ስፖኪዮው ጸጉር አስተካካዩ ግድግዳ ላይ ነው፤ ራሴ ተቆርጬበታለሁ፣ ጥርት ያለ መስታወት ነው። የአልጋው መቀመጫ ላይ ወገባቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ይተኛሉ። ልጠይቅ ስሄድ «መምህር መጣልን» ብለው መቀመጫው ላይ ያስቀምጡኛል፣ ወተት ይሰጡኛል፣ እኔም ስለ ዝናቡ አውርቼ እመለሳለሁ። እንዴት ብዬ ነው ከአሮጊት ሥር ፍራሽ የምጎትተው? ሦስት ሳምንት እንዲህ ዞርኩ፤ ክብደት ጨመርኩ እንጂ አንዲት ብሎን አላመጣሁም። በመጨረሻ መካኒኩ ጋሪ ይዞ በሁለት ቀን ሁሉንም ሰበሰበው።

«ምን ብለህ ነው የተቀበልካቸው?» አልኩት።

«አምጡ አልኳቸው፣ አመጡ» አለኝ። «ለአሮጊቷ ሌላ ፍራሽ ወሰድኩላቸው።»

በጅጌ የመጣልህ ሰው ማሳ ላይ አንተም ትሄዳለህ። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴን ጨፋ ሜዳ ላይ ማሽላ ስኮተኩት አሳለፍኩ። ከአረሙ ይልቅ የቆረጥኩት ጫማዬን ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴትዮ መኮትኮቻውን ከእጄ በቀስታ ተቀብላ የውሃ ጀሪካን አስያዘችኝ፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉም ሰላም ሆነ።

እኔ ውሃ ሳመላልስ መካኒኩ ገጠመ። ባለቤቴ ደግሞ ባቲ ሰኞ ገበያ ሄዳ ውሃ የማያስገባ ሸራ ገዝታ መጣች። ሸራውን የደንበኞቿን ሥራ ስትጨርስ በምትተርፋት ጊዜ ሰፋችው። በጎንና በጎኑ መስኮት አወጣችለት፤ መስኮቱን የሚዘጋ ክዳን ሠራችለት። ሲወጠር በመጀመሪያው ሙከራ ልክክ አለ። ከመኪናው ሁሉ ያለ ጭቅጭቅ የገጠመ ዕቃ ያ ብቻ ነው። ሞተሩም አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ አስነጥሶ ተነሣ፤ ሰፈሩ እልልታውን አቀለጠው። ብሎን ተርፎ ነበር፤ መካኒኩ በኮፍያው ሰጠኝና «ይሄ የጅጌው ነው» አለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ብቻዋን መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። በመስኮት አየኋት። ጣሪያውን አንሥታ፣ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ የሰፋችውን ሸራ እያየች ፈገግ ብላለች። ያን ፈገግታ ልጆቹ ሕፃን ሳሉ ነበር ያየሁት። ከዚያ የቅሬያችን ሰዎች፣ ማለት ቀብርና ኀዘን የሚያስተባብሩን ጎረቤቶች፣ በሩን አንኳኩ። አንድ ታማሚ ሐኪም ቤት ማድረስ ነበረባቸው። «ኧረ በደስታ» አልኩ። ይህስ ይሁን፣ ታማሚ ነው። በሳምንቱ ግን ሙሽራ መጣ፣ «ኧረ በደስታ» አልኩ። ከዚያ የሙሽራው አጎት፣ ከዚያ አሥር ከረጢት ሽንኩርት፣ ከዚያ ካምቦሎጆ ሜዳ ኳስ የሚጫወቱ ጎረምሶች ከነኳሳቸው። እኔ በደስታ ስል እሷ በየጊዜው ትራሷን ይዛ ትወርዳለች።

በጳጉሜን የመጨረሻ ማታ ደግሞ የሠራሁትን ለመናገር አፌ ይያዛል። ቤቱ ሞልቶ የሁለት አጎቶቼ ልጆች ማደሪያ ሲያጡ መኪናው ውስጥ አስተኛኋቸው። በዚያች ሰዓት ትልቅ ብልሃት መስሎኝ ነበር። «አያችሁ፣ ጠቀመን!» ብዬ ሁሉ ነበር። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየችኝና ትራሷን ይዛ ገባች። ጠዋት ሻንጣዋ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

መስከረም ጠብቷል። «ባቲ አድርሰኝ» አለች።

መንገዱ የሚያልፈው በጨፋ ነው። ለመንኳት። «አንድ ሌሊት ብቻ፣ ቃሌን ልፈጽም፣ ጠዋት ባቲ ነሽ» አልኳት። «በመንገድ ላይ ስለሆነ ነው» ብላ እሺ አለች። ሻንጣውን ኋላ ጫንኩት። ምናልባት አንዲት ጥሩ ሌሊት ካሳለፍን ወደ ቤት ትመለሳለች ብዬ ነበር፤ ያለኝ ተስፋ ይህ ብቻ ነው።

ጨፋ ከዝናብ በኋላ የሚያምር ሜዳ ነው። ሣሩ ለጉልበት ደርሷል፣ ማሽላው ሰው ይውጣል፣ ከብቱ ከቦርከና ዳር እየተመለሰ ነበር። ከዋናው መንገድ ወጣ ብዬ አንድ ግራር ሥር አቆምኩ። ጣሪያውን አነሣሁ። መግሪብ ሰገድን። ቂጣ በማር በላን። እሷ ብርድ ልብሱን አነጠፈች፤ እኔ የሸራውን መስኮት ከፈትኩ፤ ነፋስ ገባ። ጆሮዬን ጥዬ ሳዳምጥ የማንም ሳል፣ የማንም ጫማ አይሰማም። እንግዳ ነገር ነበር።

ከዚያ ጎኑ ተንኳኳ።

ከብት እየነዱ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። «አሻማ! ነጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡን። «ምን ሆናችሁ? መኪናው ተበላሸ?»

«ደህና ነን አባ፣ አልሃምዱሊላህ። ልናድር ነው።»

«ሜዳ ላይ?» ደነገጡ። «ኬሱማ፣ እንግዳ፣ ሜዳ ላይ እያደረ እኛ ቤታችን ልንተኛ ነው? ወላሂ አይሆንም! ቤቴ ይሄው፣ ከዚያ ዛፍ ወዲያ ነው። ወተት አለ፣ ልጆቼ በግ ያርዳሉ። እሷ ከሴቶቹ ጋር ትሆናለች፣ አንተ ከእኛ ጋር። ተነሡ፣ ኮታ።»

አፌን ለእሺ ከፈትኩ። ከንፈሬ ሁሉ ቅርጹን ይዞ ነበር። በአጋጣሚ ዞር ስል ባለቤቴን አየኋት። እኔን እያየች አይደለም። ምን እንደምመልስ ለመስማት እንኳ አልጠበቀችም። ያነጠፈችውን ብርድ ልብስ ጥግና ጥጉን ይዛ ማጠፍ ጀምራለች።

«አባ» አልኩ፣ «አላህ ይስጥልን። ዛሬ ግን አንመጣም።»

«እንዴት አትመጡም?»

«አንመጣም።»

«መምህር ትመስላለህ፣ ነውር መሆኑን ታውቃለህ። ሰው ምን ይለኛል?»

«አውቃለሁ። ይቅር ይበሉኝ። አንመጣም። ብቻችንን ማደር እንፈልጋለን።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋደሙ። ተቀየሙ፤ በግልጽ ተቀየሙ። «ያ ረቢ፣ ዘመኑ» አሉና ከብቶቻቸውን አስከትለው ሄዱ። ሰማይ አልተደፋም። መሬት አልተከፈተችም። መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀረን።

ተራራ የወጣሁ መሰለኝ። ወደ እሷ ዞሬ ሙገሳዬን ጠበቅሁ፤ ሌላ ምን እጠብቃለሁ፣ እኔ አይደለሁ? ብርድ ልብሱ ግማሹ ታጥፎ ግማሹ ጭኗ ላይ ተዘርግቶ ተቀምጣለች።

«ትችላለህ ለካ» አለች።

«ቻልኩ!» አልኩ እየሳቅሁ።

«እኔ እኮ» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት የታገስኩህ አይችልም ብዬ ነው።»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። እንቅልፍ ወሰዳት፤ ማንም አላንኳኳም፣ እስኪነጋ ድረስ ጥልቅ እንቅልፍ ተኛች። እኔ ሸራውን እያየሁ አደርኩ። ጠዋት ሞተሩን አስነሥቼ ወዴት ልዙር ብዬ ጠየቅኋት። «ባቲ» አለች። ወሰድኳት።